የመጀመሪያዋ ኪኒን፡ ለአዲስ የስኳር ሕመምተኛ የትኛው መድኃኒት ይቅደም?

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። እኔም ዛሬ ተረቱን ተከትዬ የራሴን ጉዳይ በአደባባይ ልናገር። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ለሌላ ሕመም ሐኪም ዘንድ ሄጄ፣ ቁርስ ሳልበላ በተሰጠው የደም ናሙና ስኳሬ 170ን አልፎ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከ100 በታች ነው፤ በሽታ የሚባለው ደግሞ ከ126 ጀምሮ ነው። በሌላ ቀን ተደገመ፤ ያው ሆነ። ሐኪሙ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ትሑትና ሥራ የበዛበት ወጣት ነበር። «ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት። ይህችን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይውሰዱ። ጣፋጭ ይተው። ከወር በኋላ ተመልሰው ይምጡ» ብሎ ማዘዣውን ሰጠኝ። ውጭ የተኮለኮለውን ወረፋ አይቼው ነበርና አልተቀየምኩትም።

ማዘዣው ላይ የተጻፈው ግሊቤንክላማይድ ነበር። ብዙዎቻችን «ዳኦኒል» በሚለው የንግድ ስሙ እናውቀዋለን። ሳምንታት አለፉ፤ ዓቢይ ጾም ገባ። እንደ ልማዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም፣ የጠዋቷን ኪኒን ግን በታማኝነት እውጥ ነበር። አንድ ቀን ሰባት ሰዓት ገደማ ስብሰባ ላይ ሳለሁ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ልናገር የያዝኩት ቃል ከአፌ ጠፋ። እናቷ የስኳር ሕመምተኛ የሆነች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገሩ ገባትና ለስላሳ መጠጥ አምጥታ አጠጣችኝ። ስኳር በዛብህ የተባልኩት ሰው በስኳር ማነስ ልሄድ ነበር።

ሐኪሙ ዘንድ ተመልሼ «ዶክተር፣ ከብዙ መድኃኒት መካከል ለምን ይህን መረጡልኝ?» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ፣ በዕለቱ ፋርማሲያችን ውስጥ የነበረው እሱ ስለሆነ ነው» አለኝ። ስለ ቅንነቱ እስካሁን አመሰግነዋለሁ። መልሱ ግን እረፍት ነሳኝ። ይህ ጸሐፊ ሐኪም አይደለም፤ የተማረው ሕግ ነው። ሙያው ማስረጃ መመዘን በመሆኑ ግን በመጀመሪያዋ ኪኒን ጉዳይ የቀረበውን ማስረጃ እንደ አንድ መዝገብ አገላብጦ አየው። ከዚህ በታች የሰፈረው የዚያ ንባብ ውጤት ነው።

ሁለቱ አዛውንቶች

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ማለት ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ሳይበቃ ሲቀር ወይም ሰውነት ኢንሱሊኑን በአግባቡ መጠቀም ሲያቅተው የሚመጣ ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ለአዲስ ሕመምተኛ በቅድሚያ ሲታዘዙ የኖሩት ሁለት ዓይነት ኪኒኖች ናቸው።

አንደኛው ሜትፎርሚን ነው። መነሻው በአውሮፓ የሚበቅልና በባሕል ሕክምና የሚታወቅ ጋሌጋ የሚባል ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ሕክምና መዋሉን ይፋ አደረገ። አሜሪካኖች ግን የቅርብ ዘመዱ የሆነው ፌንፎርሚን ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ እያከማቸ ሰው በመግደሉ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገበያ ስላስወጡት ሜትፎርሚንንም ሲጠራጠሩ ኖረው የፈቀዱት በ1994 ነው። ሥራው በዋናነት ጉበት የሚያመርተውን ስኳር መቀነስ ነው። ቆሽትን አይገፋም፤ በመሆኑም ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በታች የማውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው ሰልፎኒልዩሪያ የሚባለው ቤተሰብ ነው። ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊሜፒራይድና ግሊክላዛይድ ከዚህ ወገን ናቸው። የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሞንፐሊዬ ከተማ ውስጥ ማርሴል ዣንቦን የተባለ ሐኪም ለታይፎይድ ሕሙማን በሰጠው የሰልፋ መድኃኒት የሕሙማኑ ስኳር ክፉኛ ሲወርድ አየ። ይህ ወገን ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያደርጋል። ችግሩ ሰውየው ይብላ አይብላ አለመጠየቁ ነው። እኔን ስብሰባ መካከል ያንቀጠቀጠኝም ይኸው ጠባዩ ነው።

ማስረጃው ሲመዘን

በዚህ መዝገብ ውስጥ ዋናው ምስክር እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተካሄደውና ውጤቱ በ1998 የታወጀው ዩኬፒዲኤስ የተባለ ጥናት ነው። 5,102 አዲስ ሕሙማን ተሳትፈውበታል። ሜትፎርሚን የተሰጣቸው ወፍራም ሕሙማን በምግብ ቁጥጥር ብቻ ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር ምክንያት የሚመጣ ሞት በ42 በመቶ፣ በማናቸውም ምክንያት የሚመጣ ሞት በ36 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሜትፎርሚን የዓለም የመጀመሪያ ምርጫ የሆነው በዋነኛነት በዚህ ምስክርነት ነው።

መስቀለኛ ጥያቄ ማቅረብ ግን የሙያችን ግዴታ ነው። ከ5,102ቱ ሜትፎርሚን እንዲወስዱ የተመደቡት ወፍራም ሕሙማን 342 ብቻ ነበሩ። ጥናቱ የተካሄደውም የዛሬዎቹ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ባልተለመዱበት ዘመን ነው። የሜትፎርሚን ዝና ከማስረጃው ስፋት ይበልጣል ማለት ነው። በአንጻሩ ዩኬፒዲኤስ ሰልፎኒልዩሪያንም አልኮነነም። በእሱ ወይም በኢንሱሊን ስኳራቸው በጥብቅ የተያዘላቸው ሕሙማን የዓይን፣ የኩላሊትና መሰል የደቃቅ ደም ሥሮች ጉዳታቸው በ25 በመቶ ቀንሶ ነበር።

ሁለተኛው ምስክር እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አዶፕት የተባለው ጥናት ነው። 4,360 አዲስ ሕሙማንን በሦስት መድኃኒቶች ከፋፍሎ አነጻጸረ፤ ሜትፎርሚን፣ ግሊቤንክላማይድና በወቅቱ አዲስ የነበረው ሮሲግሊታዞን። በአምስት ዓመት ውስጥ መድኃኒቱ ብቻውን ስኳሩን መያዝ ያቃተው ግሊቤንክላማይድ ከሚወስዱት 34 በመቶ፣ ሜትፎርሚን ከሚወስዱት 21 በመቶ፣ ሮሲግሊታዞን ከሚወስዱት 15 በመቶ ላይ ነው። የስኳር ማነስ የገጠማቸው ደግሞ በግሊቤንክላማይድ 38.7 በመቶ፣ በሜትፎርሚን 11.6 በመቶ ሆኑ። ግሊቤንክላማይድ ኪሎ ሲጨምር ሜትፎርሚን ቀነሰ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበል። ስኳርን በመያዝ አንደኛ የወጣው ሮሲግሊታዞን ነው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ስቲቭን ኒሰን የተባሉት አሜሪካዊ የልብ ሐኪም የነበሩትን ጥናቶች አሰባስበው ይኸው መድኃኒት የድንገተኛ ልብ ሕመምን አደጋ በ43 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አመለከቱ። አውሮፓ በ2010 ከገበያ አገደው፤ አሜሪካ አጠቃቀሙን በጥብቅ ገደበች። በኋላ ማስረጃው በድጋሚ ተመርምሮ አሜሪካ በ2013 ገደቡን አላላች፤ የመድኃኒቱ ዝና ግን አልተመለሰም። አምራቹ ግላክሶስሚዝክላይን እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው የ3 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት፣ ከሌሎች ጥፋቶች ጋር፣ የዚህን መድኃኒት የደኅንነት መረጃ ለተቆጣጣሪው ባለማሳወቁ ጥፋተኝነቱን አምኗል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ከአንድ መድኃኒት በላይ ነው። የሕክምናው ዓላማ ወረቀት ላይ ያለውን የስኳር ቁጥር ማሳመር ብቻ አይደለም። ዓላማው ሰው በልብ ሕመም፣ በስትሮክና በኩላሊት መድከም እንዳይሞት፣ ዓይኑንና እግሩን እንዳያጣ ነው። ቁጥሩን አሳምሮ ሰውየውን የሚጎዳ መድኃኒት ክሱን አሸንፎ ደንበኛውን እንደሚያስፈርድ ጠበቃ ነው።

ቁጥጥር የወለዳቸው አዳዲሶች

የሮሲግሊታዞን ውዝግብ ያስተማረው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በታኅሣሥ 2008 እ.ኤ.አ. አዲስ መመሪያ አወጣ። ከእንግዲህ አዲስ የስኳር መድኃኒት ይዞ የሚመጣ አምራች ልብን እንደማይጎዳ ማስረዳት አለበት አለ። የማስረዳት ሸክም ወደ አምራቹ ዞረ። ኩባንያዎቹ ስለ ወጪው አጉረመረሙ፤ ሆኖም በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ያሉባቸውን ጥናቶች አካሄዱ። ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆነ። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ልብን አለመጉዳት ብቻ ሳይሆን የሚጠብቁ ሆነው ተገኙ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኤምፓ-ሬግ የተባለው ጥናት 7,020 የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸውን የስኳር ሕሙማን ይዞ፣ ኤምፓግሊፍሎዚን በልብ ምክንያት የሚመጣ ሞትን በ38 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ይህ መድኃኒትና ወንድሙ ዳፓግሊፍሎዚን ኩላሊት ትርፍ ስኳርን በሽንት እንዲያስወጣ ያደርጋሉ። በ2019 በሌላው ወንድማቸው በካናግሊፍሎዚን ላይ የተካሄደ ጥናት ደግሞ የኩላሊት መድከምን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ አደጋዎች በ30 በመቶ መቀነሳቸውን አረጋገጠ። ሌላው ወገን የአንጀትን ሆርሞን አስመስለው የተሠሩት እንደ ሊራግሉታይድና ሴማግሉታይድ ያሉት ናቸው። አብዛኞቹ መርፌ ናቸው፤ ረሃብን ያስታግሳሉ፣ ኪሎ ይቀንሳሉ፣ ልብንም ይጠብቃሉ። ከተሜው «ኦዜምፒክ» እያለ የሚያወራለት ከእነዚህ አንዱ ነው።

ታዲያ ሜትፎርሚን ዙፋኑን ይልቀቅ? መልሱ እንደ ሕመምተኛው ይለያያል። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 የልብ ሕመም ላለበት ወይም በከፍተኛ አደጋ ላይ ላለ አዲስ ሕመምተኛ ከአዲሶቹ አንዱ ከሜትፎርሚን በፊት እንኳ ሊጀመር ይችላል አለ። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበርም በ2022 መመሪያው የመጀመሪያው መድኃኒት እንደ ተጓዳኝ ሕመሙ እንዲመረጥ አደረገ። የእንግሊዙ ናይስ የተባለው የሕክምና ምዘና ተቋም በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ረቂቅ ከዚህም ርቆ ለአብዛኛው አዲስ ሕመምተኛ ሁለቱ ከመነሻው አብረው ይሰጡ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን አቅማቸው ውስን ለሆኑ አገሮች በ2018 ባወጣው መመሪያ ሜትፎርሚንን አንደኛ፣ ሰልፎኒልዩሪያን ሁለተኛ አድርጎ አስቀምጧል።

እዚህም መስቀለኛ ጥያቄ አለ። በአዲሶቹ ታላላቅ ጥናቶች ውስጥ የተሳተፉት አብዛኞቹ ሕሙማን ለዓመታት ስኳር የኖረባቸው፣ ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የታመመና ሜትፎርሚንንም እየወሰዱ የነበሩ ናቸው። ትናንት ስኳር ተገኘብህ የተባለ፣ ልቡም ኩላሊቱም ጤናማ የሆነ የአርባ ዓመት ሰው ከእነሱ ጋር አንድ አይደለም። ለእሱ አዲሱ ብቻውን ከሜትፎርሚን ይበልጣል የሚል ተመጣጣኝ ማስረጃ ገና አልቀረበም። ለልብና ለኩላሊት ሕመምተኛው ግን ማስረጃው ጠንካራ ስለሆነ አዲሱን መንፈግ ያስጠይቃል።

ለሚጾም ሕዝብ የሚሆን መድኃኒት

እነዚህ መመሪያዎች ሁሉ የተጻፉት ጠዋት፣ ቀንና ማታ ለሚበላ ሰው ነው። እኛ ግን ጿሚ ሕዝብ ነን። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጠብቅ የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከግማሽ ያላነሰውን ቀን ይጾማል፤ ሙስሊሙ ረመዳንን ከንጋት እስከ ማታ ያለ ውኃ ይውላል። በ13 አገሮች የተካሄደውና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው ኤፒዲያር የተባለ ጥናት በሁለተኛው ዓይነት ሕሙማን ላይ በረመዳን ከባድ የስኳር ማነስ ከሰባት እጥፍ በላይ ጨምሮ አግኝቶታል። ለሚጾም ሰው ሳያስጠነቅቁ ግሊቤንክላማይድ ማዘዝ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ግሊቤንክላማይድን በግሊክላዛይድ ተክቶ፣ የቀድሞው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ እንደማይስማማ አመልክቷል። ከአንድ ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶችም እኩል አይደሉም ማለት ነው።

ሜትፎርሚንም እንከን አልባ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሆድ ያውካል፤ ከምግብ ጋር በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይረዳል። ኩላሊቱ ክፉኛ ለደከመ ሰው አይሰጥም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። የዓመቱን እኩሌታ በሽሮና በምስር ለሚያሳልፍ ሰው ጉዳዩ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም። የእግር መደንዘዝ ሲመጣ «ስኳሩ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላልና የቢ12 ምርመራ መጠየቅ ብልህነት ነው። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት አዲሶቹም የሰውነት ፈሳሽ ያሟጥጣሉ፣ የብልት አካባቢ የፈንገስ ኢንፌክሽን ያመጣሉ፣ ረጅም ጊዜ ምግብ ሲቋረጥ ኪቶአሲዶሲስ የሚባለውን የደም አሲድ መብዛት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ስለዚህም ጿሚው እነሱንም ሳይመክር አይወስድም።

አንድ ነጥብ ልጨምር። የሜትፎርሚን ታላቅ ማስረጃ የተገኘው ከወፍራም እንግሊዛውያን ነው። እኛ ዘንድ ስኳር ቀጭኑንም ይይዛል። ለቀጭን ሕመምተኛ፣ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት እያቆመ ከሆነ፣ ከኪኒን ይልቅ ኢንሱሊን ሊያስፈልገው ይችላል። ክብደቱ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ሰው «ኪኒን ይበቃሃል» ሲባል ደግሞ ይጠይቅ።

ዋጋና መደርደሪያ

«ፋርማሲ ውስጥ የነበረው እሱ ስለሆነ ነው» የሚለው የሐኪሜ መልስ የአንድ ሰው ጉድለት አይመስለኝም። የስኳር መድኃኒት የዕድሜ ልክ ወጪ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ምን እንደሆነ የሚገዛ ያውቀዋል። ውድ መድኃኒት ለሁለት ወር ወስዶ በሦስተኛው ማቋረጥ ርካሹን በቋሚነት ከመውሰድ የከፋ ነው። በዚህ ሚዛን ሜትፎርሚን ርካሽ፣ በብዙ አምራቾች የሚሠራና ታሪኩ የታወቀ በመሆኑ ለአብዛኛው አዲስ ሕመምተኛ መነሻነቱ ትክክል ነው።

ይሁንና «አዲሱ የሀብታም ነው» ብሎ ፋይሉን መዝጋት አያስኬድም። የዳፓግሊፍሎዚን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ህንድ ውስጥ በ2020፣ የኤምፓግሊፍሎዚን በ2025 እ.ኤ.አ. አብቅቶ የአገሪቱ ፋብሪካዎች በዝቅተኛ ዋጋ እያመረቷቸው ነው። ከውጭ ከምናስገባው መድኃኒት ብዙው የሚመጣውም ከዚያው ከህንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ወገን በ2021፣ ሴማግሉታይድንና መሰሎቹን ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። በዚህ ጸሐፊ እምነት የመንግሥት መድኃኒት ግዢም ሆነ የጤና መድን ሁለት ነገር ሊያደርጉ ይገባል፤ ከግሊቤንክላማይድ ይልቅ ግሊክላዛይድን ማስቀደምና ለልብና ለኩላሊት ሕመምተኛው ርካሾቹን የህንድ ምርቶች ማቅረብ። የዲያሊሲስን ወጪ የሚያውቅ ሰው ይህን ቅንጦት አይለውም።

በሻንጣ ስለሚመጣው መርፌም አንድ ቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ብራዚል፣ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ስለተያዘ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ቁጥጥራቸው የጠበቀ አገሮች ከተታለሉ፣ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ያለበትን መርፌ ከማን እንደተገዛ ሳይታወቅ በዘመድ እጅ ተቀብሎ መወጋት ከድፍረትም በላይ ነው።

የመጠየቅ መብት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ከአንቀጽ 2639 ጀምሮ ደግሞ የሐኪምና የታካሚን ግንኙነት እንደ ውል ያየዋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2006 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ቁጥር 299ም ታካሚ ተረድቶ ስለሚሰጠው ፈቃድ ደንግጓል። እምቢ የማለት መብት ያለው ሰው ምርጫዎቹ ካልተነገሩት እምቢም እሺም ቢል ባዶ ቃል ነው። ለቀዶ ሕክምና ፊርማ እንጠይቃለን፤ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ለሚዋጥ ኪኒን ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ እንነፍጋለን።

«በቀን ስንት ሕመምተኛ እንደማይ ታውቃለህ?» የሚለኝ ሐኪም እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ታካሚው ይዞ ይግባ፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስዱም። ልቤና ኩላሊቴ ተመርምረዋል ወይ? ይህ መድኃኒት ስኳሬን ከመጠን በታች ሊያወርደው ይችላል፣ ስጾምስ ምን ላድርግ? ከዓመት በኋላም በአቅሜ አገኘዋለሁ? ካልተስማማኝ ቀጣዩ ምንድን ነው? ሐኪሙ ጊዜ ካጣ ነርሷ ወይም ፋርማሲስቱ ሊመልሱት የሚችሉት ጉዳይ ነው።

ይህን አንብቦ በራሱ ሥልጣን ኪኒኑን የሚያቆም ካለ ጸሐፊውን በከንቱ አድክሞታል። ግሊቤንክላማይድ የተስማማቸውና ለዓመታት በሰላም የኖሩበት ብዙዎች ናቸው፤ ለውጥ ካስፈለገ ከሐኪም ጋር ይመከርበት። የእኔም ሐኪም ኩላሊቴንና ልቤን አስመርምሮ ደህና መሆናቸውን ካየ በኋላ ወደ ሜትፎርሚን አዛወረኝ። በዚህ ዓመት ዓቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ራሱ ደውሎ «ጋሼ፣ ዘንድሮስ ይጾማሉ?» አለኝ። ያን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ቢጠይቀኝ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ቸር ይግጠመን!